ከበረዶው ወዲህ ማን ይሰማል? የዋልታ ምርምር መርከቦችና ሬዲዮአቸው

በ2013 የፈረንጆች ገና ዕለት ጠዋት፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ፋልማውዝ ወደብ ያሉ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተረኞች የድረሱልኝ ጥሪ ደረሳቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠሪዋ አካዴሚክ ሾካልስኪ የምትባል የሩሲያ መርከብ ነበረች። ያለችው ግን በዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ ከአውስትራሊያዋ ሆባርት በስተደቡብ 1,500 ኖቲካል ማይል ያህል ርቃ፣ የአንታርክቲካ ጠረፍ በረዶ ውስጥ ተቀርቅራ ነው። ፋልማውዞች ጥሪውን ለአውስትራሊያ የባሕር ደኅንነት ባለሥልጣን አስተላለፉ፤ ሦስት መርከቦችም ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ሹዌ ሎንግ ከተባለችው የቻይና በረዶ ሰባሪ የተነሣ ሄሊኮፕተር ጃንዋሪ 2 ቀን 2014 ላይ 52 ተመራማሪዎችንና መንገደኞችን እየተመላለሰ አወጣ። 22ቱ መርከበኞች ከመርከባቸው ጋር ቀሩ። የሞተ ሰው የለም።

ሾካልስኪ በ1982 ፊንላንድ ውስጥ የተሠራች፣ ለበረዶ የተጠናከረች የምርምር መርከብ ናት። የተጠናከረች መርከብ የብረት ልባሷ ወፍሮ፣ የጎን አጥንቶቿም ተቀራርበው ስለሚሠሩ በተበታተነ በረዶ መካከል እየተሹለከለከች ማለፍ ትችላለች። ነፋስ በረዶውን ገፍቶ ሲያጣብቀው ግን ቆማ መጠበቅ ዕጣዋ ነው። በረዶ ሰባሪ ሌላ ነገር ናት፤ በክብደቷና በሞተሯ ጉልበት በረዶው ላይ ወጥታ ትጫነዋለች። የጀርመኗ ፖላርሽቴርን 1.5 ሜትር ውፍረት ያለውን በረዶ እየሰበረች በ5 ኖት ፍጥነት ትጓዛለች። ሬዲዮ ይበልጥ የሚያስፈልጋት እንግዲህ ደካማዋ ናት፤ ከበረዶው የምትወጣው ሌላ መርከብ ሲደርስላት ነውና።

ስለ ዋልታ መርከቦች ሬዲዮ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የማሰራጫ ታሪክ ነው። ምሰሶው ስንት ሜትር፣ ጉልበቱ ስንት ዋት፣ ሳተላይቱ ስንት? እኔ እዚህ የምከተለው የወዲያኛውን ጆሮ ነው። መርከቧ ስትጣራ የሚያዳምጠው ማን ነው? በግዴታ ነው የሚያዳምጠው ወይስ በአጋጣሚ? ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው የዳነውም የጠፋውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሾካልስኪ ወደዚያ የሄደችው የዳግላስ ማውሰንን ጉዞ መቶኛ ዓመት ለማሰብ ነበር። ማውሰን ከ1911 እስከ 1914 የመራው የአውስትራላሲያ ጉዞ በአንታርክቲካ ሬዲዮ የተጠቀመ የመጀመሪያው ቡድን ነው። የሬዲዮ ምሰሶዎቹ የተተከሉት ኬፕ ዴኒሰን ላይ ሲሆን መልእክቱ መሃል መንገድ ላይ ባለችው የማኳሪ ደሴት ጣቢያ በኩል ወደ ሆባርት እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ቦታው ግን በባሕር ጠለል ካሉት የምድር ነፋሻማ ስፍራዎች ሁሉ የከፋው ሆኖ ተገኘ። በ1912 ኬፕ ዴኒሰን የላከውን ማኳሪ በቁርጥራጭ ይሰማ ነበር፤ የማኳሪን መልስ ግን ኬፕ ዴኒሰን አይሰማም። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ምሰሶውን ጣለው።

ፌብሩወሪ 8 ቀን 1913 ማውሰን ሁለቱን ጓደኞቹን፣ ኒኒስንና ሜርትዝን፣ በበረዶው ላይ አጥቶ ብቻውን እየተጎተተ ጎጆው ደረሰ። አውሮራ የተባለችው መርከባቸው የወጣችው በዚያኑ ዕለት ነበር። ጎጆው ውስጥ የነበሩት ምሰሶውን ዳግም አቁመው ስለነበር በሬዲዮ «ተመለሱ» አሏት፤ ሰማችም። ካፒቴን ዴቪስ መልስ መላክ አልቻለም፤ መርከቧ መቀበያ እንጂ ማሰራጫ አልነበራትም። ወደ ወሽመጡ ተመለሰች፣ ነፋሱ አላስጠጋት አለ፤ በምዕራብ በኩል የሚጠብቁ ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ ሄደች። ማውሰንና ስድስት ሰዎች ሌላ ክረምት እዚያው ከረሙ። ያ ክረምት ለሬዲዮ ኦፕሬተሩ ለሲድኒ ጄፍሪስ የአእምሮ ሕመም ያመጣበት ክረምት ሆነ። የሁለት ወገን ግንኙነት የተጀመረው ግን በዚያው ዓመት ነው። ከአውስትራሊያ በሬዲዮ በተላከ የሰዓት ምልክት የኬፕ ዴኒሰን ኬንትሮስ በትክክል ተለካ፤ ሬዲዮ በአንታርክቲካ ለሳይንስ የሰጠው የመጀመሪያው ቁም ነገር ይኸው ነው።

አውሮራ የተባለችው መርከብ በዚህ ታሪክ እንደገና ብቅ ትላለች። በ1915 የዋልታ አሳሹን የሻክልተንን የሮስ ባሕር ቡድን ለማገልገል ኬፕ ኢቫንስ ላይ ታስራ ሳለ በሜይ ወር ማዕበል ገመዷን በጠሰው። አሥር ሰው ምድር ላይ ጥላ ከበረዶው ጋር ለወራት ተንሳፈፈች። ላዮኔል ሁክ የተባለው ወጣት የሬዲዮ ኦፕሬተር አንቴናውን ደጋግሞ እየሠራ ሲጣራ ከረመ፤ መልስ ያገኘው በማርች 1916 ከኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ ከብላፍ ጣቢያ ነው። እነዚያ አሥር ሰዎች እዚያ መቅረታቸውን ዓለም ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። እስኪደረስላቸው ሦስቱ ሞቱ።

በአህጉሩ ማዶ ደግሞ የሻክልተን ዋና መርከብ ኢንዱራንስ በዌደል ባሕር በረዶ ተይዛ ነበር። ከፎክላንድ ደሴቶች የሚላከውን ወርኃዊ ስርጭት ለመስማት አንዲት መቀበያ ይዛ ነበር፤ ምንም አልሰማችም። ይህ ለካፒቴን ፍራንክ ዎርስሊ ከዜና ማጣት የባሰ ነገር ነበር። ኬንትሮስ የሚለካው በሰዓት ነው፤ የመርከቡ ሰዓቶች ስንት ሰከንድ እንደሳቱ የሚነግረው የሬዲዮ ምልክት አልነበረውም። ጨረቃ ከዋክብትን ስትጋርድ እየጠበቀ ሰዓቶቹን ከሰማይ አረመ። በማርች 5 ቀን 2022 የደቡብ አፍሪካዋ ኤስኤ አጉልሃስ ሁለት ላይ የነበሩ ተመራማሪዎች ኢንዱራንስን በ3,008 ሜትር ጥልቀት አገኟት፤ ዎርስሊ ከመዘገበው ቦታ በስተደቡብ አራት ማይል ገደማ ብቻ ርቃ። በፊንላንድ ራውማ ተሠርታ በ2012 ሥራ የጀመረችው አጉልሃስ ሁለት ከኬፕታውን እየተነሣች በደቡብ ባሕር ደሴቶችና በአንታርክቲካ ያሉ የአገሯን ጣቢያዎች የምታገለግል ናት። ስለ ዋልታ ሲወራ አፍሪካን የሚያስታውስ ጥቂት ነውና እግረ መንገዴን ላንሣት ብዬ ነው።

አጭር ሞገድ ለኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የዶይቼ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በማታ ለማግኘት የሬዲዮኑን ቁልፍ በቀስታ ያሽከረከረ ሁሉ ድምፁ ሲመጣና ሲሸሽ ያውቀዋል። ሞገዱ የሚደርሰን በቀጥታ አይደለም፤ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለው አዮኖስፌር ከተባለው የአየር ክፍል ተንጸባርቆ ነው። ከሱ በታች፣ በቀን የሚፈጠረው ዝቅተኛው ንብርብር ሞገዱን ይመጠዋል። ማታ ይህ ንብርብር ሲጠፋ ጣቢያው ይጠራል።

ዋልታ ላይ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ለወራት ሌሊት ነው፣ ለወራት ቀን ነው። በዚያ ላይ ከፀሐይ የሚፈነዱ ፕሮቶኖች በምድር መግነጢሳዊ መስመር እየተመሩ ዋልታዎቹ ላይ ይወርዳሉ፤ ሞገድ መጣጩን ዝቅተኛ ንብርብር ለቀናት ያጠናክሩታል። ከዚያ በኋላ ማሰራጫው የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው ሞገዱ ከዚያ አያልፍም። በኦክቶበርና ኖቬምበር 2003 በተነሣው የፀሐይ ማዕበል በአንታርክቲካ የነበሩ የምርምር ቡድኖች አጭር ሞገዳቸው ከ130 ሰዓት በላይ ተዘግቶባቸዋል። ኢትዮጵያ በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስላለች ከዚህ ዓይነቱ መዓት የራቀች ናት፤ የራሷ የሆነ የአዮኖስፌር ጸባይ ግን አላት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጉዋን የተመሠረተው፣ ከ1957–58ቱ የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር የተያያዘ ነው። የአንታርክቲካ ቋሚ ጣቢያዎች በብዛት የተቋቋሙትም በዚያው ዘመቻ ነው። ወገቡንም ዋልታውንም ባንድ ጊዜ መለካት ያስፈልግ ነበርና።

በ1928 የሆነው ግን የአየሩን ጠባይ ብቻ የሚነግረን አይደለም። የኢታሊያው ጄኔራል ኡምቤርቶ ኖቢሌ የአየር መርከብ «ኢታሊያ» ሜይ 25 ቀን ከስቫልባርድ ደሴቶች በስተሰሜን ምሥራቅ በረዶ ላይ ተከሰከሰች። የተረፉት ሰዎች ከፍርስራሹ መካከል አንዲት ድንኳንና «ኦንዲና» የተባለች ተንቀሳቃሽ የአጭር ሞገድ ማሰራጫ አገኙ። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ጁዜፔ ቢያጂ ከተሰባበረው ብረት ምሰሶ አቁሞ፣ ሽቦ ዘርግቶ መጣራት ጀመረ። የጉዞው ደጋፊ መርከብ ቺታ ዲ ሚላኖ በስቫልባርድ ኪንግስ ቤይ ወደብ ቆማ ነበር፤ ርቀቱ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ነው። አልሰማችውም።

ለዚህ ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንደኛው የአጭር ሞገድ የታወቀ ጠባይ ነው። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሩቅ ቦታ ላይ ሲያርፍ መሃል ያለውን ይዘልላል፤ ቅርብ ያለው እንዳይሰማ፣ ሩቅ ያለው እንዲሰማ ያደርጋል። ሁለተኛው የሰው ነው፤ በመርከቧ ያሉ ኦፕሬተሮች የጋዜጠኞችንና የግል ቴሌግራሞችን በማስተላለፍ ተጠምደው ነበር፤ በደንብ አላዳመጡም። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። የሚዘለለው ክልል ስፋት ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል፤ ቢያጂ ደግሞ በቀን ደጋግሞ፣ በተወሰነለት ሰዓት ይጣራ ነበር። በትዕግሥት የሚጠብቅ ጆሮ ቢኖር ኖሮ ቁርጥራጭ እንኳ ይሰማ እንደነበር ማመን አያስቸግርም።

የሰማው ኒኮላይ ሽሚት የተባለ ወጣት ነው። በሰሜን ሩሲያ ቮዝኔሴኒየ-ቮህማ በተባለች የገጠር መንደር፣ በገዛ እጁ በሠራው መቀበያ፣ ጁን 3 ቀን ያንን ደካማ ምልክት ያዘ። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልከፈለው አማተር ነበር። ከዚያ በኋላ የሶቪየቷ በረዶ ሰባሪ ክራሲን ተላከች፤ በጁላይ 12 ቀን የድንኳኑን ሰዎች አወጣች። ለፍለጋ በአውሮፕላን ከወጡት መካከል የደቡብ ዋልታን መጀመሪያ የረገጠው ሮአልድ አሙንድሰን ሳይመለስ ቀረ። ሽሚትም መጨረሻው አላማረም፤ በ1942 በራሱ መንግሥት ተገደለ፣ ስሙ የጸዳው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

ኪንግስ ቤይ ዛሬ ኒ-አሌሱንድ የሚባል የምርምር መንደር ነው። የምድርን መሽከርከር ከሩቅ ጋላክሲዎች በሚመጣ ሬዲዮ የሚለካ ትልቅ አንቴና ስላለው በ20 ኪሎሜትር ዙሪያ ከ2 እስከ 32 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ማሰራጨት ክልክል ነው። ወደዚያ የምትጠጋ መርከብ ዋይፋይና ብሉቱዝ እንድታጠፋ ትጠየቃለች፤ ስልክ ኪሱ ውስጥ ያለ መንገደኛም እንዲሁ። በ1928 ኦፕሬተሮቹ በወሬ ብዛት ያልሰሙበት ወደብ ዝም እንዲባልበት በደንብ ተወሰነ ማለት ነው። የታሪክን ቀልድ ለሚወድ ሰው ይህች በቂ ናት።

ሶቪየቶች ከኢታሊያ ጉዳይ በደንብ ተምረዋል። ኤርንስት ክሬንከል በጃንዋሪ 12 ቀን 1930 ከፍራንዝ ዮሴፍ ምድር ሆኖ አንታርክቲካ ከነበረው ከአሜሪካዊው ሪቻርድ ቢርድ ጣቢያ ጋር ተነጋገረ፤ ከምድር ጫፍ እስከ ምድር ጫፍ። ከአራት ዓመት በኋላ ቼሊዩስኪን የተባለችው መርከብ በፌብሩወሪ 13 ቀን 1934 በቹክቺ ባሕር በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰምጥ ክሬንከል ሬዲዮውን ይዞ ወደ በረዶው ወረደ። 104 ሰው ድንኳን ተክሎ ሁለት ወር ከረመ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። በኡዌሌን የጠረፍ ጣቢያ ሉድሚላ ሽራደር የተባለች ኦፕሬተር በሰዓቷ ትቀበለው ነበር። በእሷና በሱ መካከል ያለው ቀጠሮ ስላልተቋረጠ አውሮፕላኖች የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት በረዶ ላይ እንደሚያርፉ ያውቁ ነበር። በኤፕሪል 13 የመጨረሻዎቹ ሰዎች ወጡ። የመርከቧ መጥሪያ አርኤኢኤም ኋላ ለክሬንከል የግል መጥሪያ እንዲሆን ተሰጠው፤ ሰው የመርከብ ስም ሲወርስ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ የግለሰብ ትጋት ታሪኮች ናቸው። ትጋቱን ወደ ግዴታ ያሸጋገረው ቲታኒክ ከሰጠመች በኋላ በ1914 የተጀመረው የባሕር ደኅንነት ስምምነት ነው። ከዚህ ሥርዓት የወጣች አንዲት ዕቃ ታስደስተኛለች፤ የሬዲዮ ክፍል ሰዓት። ፊቷ ላይ በቀይ የተቀቡ ሁለት ቁራሽ ቦታዎች አሉ፤ ከ15 እስከ 18 ደቂቃና ከ45 እስከ 48 ደቂቃ። ደቂቃ ቆጣሪው ወደ ቀዩ ሲገባ በ500 ኪሎኸርዝ በሞርስ የሚያወራ ሁሉ ዝም ማለት አለበት። በየትኛውም ባሕር ያለ ኦፕሬተር ጆሮውን ይደቅናል፤ ምናልባት ጉልበቱ ያለቀበት ባትሪ የሚጣራ ይኖራል ተብሎ። ለድምፅ ግንኙነቱ 2182 ኪሎኸርዝ ደግሞ በሰዓቱና በግማሹ ላይ አረንጓዴ ሦስት ደቂቃዎች ነበሩ። ሕግ አውጪ ከዚህ የረቀቀ ነገር ያወጣበትን ጊዜ አላውቅም። ማሰራጨትን ሁሉም ይወዳል፤ በሰዓት ስድስት ደቂቃ ማዳመጥን ግዴታ ማድረግ ግን ብልህነት ይጠይቃል።

ፌብሩወሪ 1 ቀን 1999 ጂኤምዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋና ደኅንነት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሲተገበር ሞርስም፣ የሬዲዮ መኮንኑም፣ ሰዓቷም ጡረታ ወጡ። ቀይ ቁልፍ ተጭኖ የመርከቡን መለያና ቦታ የሚልክ ዲጂታል ጥሪ መጣ፤ ማዳመጡ ለማሽን ተሰጠ። ሥርዓቱ ባሕሩን በአራት ቀጣና ይከፍለዋል። ኤ1 የባሕር ጠረፍ ጣቢያ የቅርብ ርቀት ሬዲዮ (ቪኤችኤፍ) የሚደርስበት ነው፣ ኤ2 መካከለኛ ሞገድ የሚደርስበት ነው፣ ኤ3 እስከ 2024 በኢንማርሳት ሳተላይት የተሸፈነው ሰፊ ውቅያኖስ ነበር። ኤ4 የተረፈው፣ ማለትም ዋልታው ነው። በባቦጋያ የባሕር ትምህርት ቤት የሰለጠኑ የእኛ መርከበኞች ይህን ክፍፍል በቃላቸው ያውቁታል፤ አብዛኞቹ ግን ኤ4ን በሥራ ዘመናቸው አያዩትም።

ኤ4 የኖረው በጂኦሜትሪ ምክንያት ነው። የኢንማርሳት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ሆነው ከምድር ጋር አብረው ስለሚዞሩ ከታች ለሚያይ ሰው የቆሙ ይመስላሉ። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮሳትን ለማየት ዲሹ ከአድማሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ቀና ይላል። 70ኛው ኬክሮስ ላይ፣ ሳተላይቱ ልክ በመርከቧ ኬንትሮስ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ከአድማስ የሚነሣው ወደ 11 ዲግሪ ተኩል ነው። 75ኛው ላይ ወደ 6 ይወርዳል። 81ኛውን አልፎ ጥቂት ሲሄዱ ሳተላይቱ ከምድር ጥምዝ በታች ይገባል። በሥራ ላይ ግን መርከቡ 81 ሳይደርስ፣ 76 አካባቢ ሁሉ ነገር ይንገዳገዳል። የመርከቧ ጭስ ማውጫ፣ የክሬን ምሰሶ፣ የበረዶ ተራራ፣ የማዕበሉ ውዝዋዜ እያንዳንዱ ያንን ቀጭን መስመር ይጋርዳል። የምርምር መርከቦች ነጫጭ ጉልላቶቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው በግራና በቀኝ የሚተክሉት አንዱ ሲጋረድ ሌላው እንዲያይ ነው። ሾካልስኪ ስትጣራ 67ኛው አካባቢ ስለነበረች ዕድለኛ ናት ማለት ይቻላል።

ይህን ያስተካከለው በ1998 ሥራ ጀምሮ በዓመቱ የከሰረ፣ በ2001 ደግሞ ከመቃብር የተነሣ ኩባንያ ነው። ኢሪዲየም 66 ሳተላይቶችን በ780 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ፣ ዋልታ ለዋልታ በሚሄድ ምሕዋር ያዞራል። ምሕዋሮቹ የብርቱካን ጭረቶች ጫፍ ላይ እንደሚገናኙት ዋልታው ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ ለሌላው ዓለም ሳተላይት የሚጎድልበት ቦታ ለኢሪዲየም የሚተራመስበት ሆነ። ችግሩ የፍጥነት ነበር። የመጀመሪያው አገልግሎት በሰከንድ 2.4 ኪሎቢት ነው፤ አንዲት ሜጋባይት የበረዶ ሥዕል ለማውረድ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ። ሳይንቲስቶች ኢሜይል ሲጽፉ ቃል እየቆጠሩ የኖሩበት ዘመን ያ ነው።

ፖላርሽቴርን ሴፕቴምበር 20 ቀን 2019 ከትሮምሶ ተነሥታ ሞዛይክ ለተባለው ጉዞ ራሷን ሆን ብላ ከበረዶ ጋር ስታስይዝ የሁለቱም ዘመን መሣሪያ ነበራት። አዲሱ የኢሪዲየም አገልግሎት በሰከንድ 700 ኪሎቢት ገደማ ይሰጣል። ኬፕለር የተባለ የካናዳ ኩባንያ ደግሞ በትናንሽ ሳተላይቶቹ ከመርከቧ ከ100 ሜጋቢት በላይ ፍጥነት አሳየ፤ በዚያ ኬክሮስ ከዚያ በፊት ያልታሰበ ነገር ነው። ሳተላይቶቹ ከመርከቧ በላይ የሚያልፉት በየተወሰነ ሰዓት ስለነበር ቡድኑ ዳታውን አከማችቶ ማለፊያቸውን ይጠብቅ ነበር። በየስድስት ሰዓቱ የሚለቀቀው የአየር ጠባይ ፊኛም በራሷ ትንሽ ሬዲዮ ትናገራለች። ፖላርሽቴርን በኦክቶበር 12 ቀን 2020 ብሬመርሃቨን ተመለሰች።

ስታርሊንክ ስለተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ብዙ የምለው የለኝም፤ ታሪኩ ገና እየተጻፈ ነው። በ2022 አንታርክቲካ ውስጥ ያለው ማክመርዶ ጣቢያ ደርሷል፤ በ2024 ደግሞ ኖርዌይ ሁለት የአርክቲክ ሳተላይቶቿን ረጅም ሞላላ ምሕዋር ላይ አስቀምጣለች። የዋልታ ተመራማሪ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ይህ ለአእምሮ ጤና ይበጃል፤ የጄፍሪስን ክረምት ያሰበ አይከራከርም። የእኔ ሥጋት ከወሬው መብዛት ጋር አይደለም፤ ከሕጉ ጋር ነው።

ከ2017 ጀምሮ የዋልታ ኮድ የተባለው ሕግ ዋልታ የምትሄድ መርከብ እርዳታ እስኪደርስ ቢያንስ 5 ቀን መቆየት መቻል አለባት ይላል፤ የሕይወት አድን ጀልባዎቹ የመገናኛ መሣሪያም ለዚያ ጊዜ ሁሉ መሥራት አለበት። ከሚሰምጥ መርከብ ተላቅቆ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ኮስፓስ-ሳርሳት ሳተላይቶች የሚጣራው መጠቆሚያ ግን ደንቡ የሚጠይቀው ለ48 ሰዓት እንዲሠራ ነው። በሾካልስኪ የነበሩት 52 ሰዎች ከጥሪው በኋላ ስምንት ቀን ጠብቀዋል፤ መርከባቸው ሙቅ፣ ምግባቸው የተሟላ ነበር። ያው ስምንት ቀን በሕይወት አድን ጀልባ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ባትሪው በሦስተኛው ቀን ያልቅ ነበር። ብዙ ባለመርከቦች ተጨማሪ የእጅ ሬዲዮና ተጨማሪ መጠቆሚያ እየያዙ ክፍተቱን ይሞላሉ። ይህ ግን ደንቡ ራሱን ከራሱ ጋር አላስታረቀም ከማለት አያድንም።

ሁለተኛው ሥጋቴ የአጭር ሞገዱ (የኤችኤፍ) ዕጣ ነው። ኢሪዲየም በ2020 መጨረሻ በጂኤምዲኤስኤስ ሥራ ከጀመረ፣ የኤ3 ትርጓሜም በ2024 ከተሻሻለ ወዲህ፣ የኢሪዲየም መሣሪያ ለያዘች መርከብ ኤ4 በወረቀት ላይ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ኤ4 ሲጠፋ በእሱ ምክንያት የተያዘው የኤችኤፍ ማሰራጫም ምክንያቱን ያጣል። የባሕር ጠረፍ ጣቢያዎችም የኤችኤፍ ክፍላቸውን ለማቆየት የሚያወጡት ወጪ መከራከሪያ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ኤችኤፍ በ2003 ለ130 ሰዓት ዝም ብሏል። ይህንን ያነሡ ሰዎች ግን ያ ማዕበል ሳተላይቶችንም እንደጎዳ አብረው ይንገሩን። ሁለት መንገድ መያዝ ያለብን የሚሰናከሉበት ምክንያት ስለሚለያይ ነው፤ አንዱ በሌላው እንዲተካ አይደለም።

መሣሪያው መርከቧ ላይ መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም። የኤችኤፍ አንቴና ረጅም ዘንግ ነው። ባሕሩ ሲረጨው በረዶ ይጋገርበታል፣ መቆሚያው ላይ ያለውን መከለያም ይሸፍነዋል። ያኔ ጉልበቱ ወደ አየር ሳይወጣ በእርጥቡ በረዶ በኩል ወደ መርከቡ ብረት ይፈሳል፤ መርከበኛ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ ካላራገፈው ከመሣሪያው ክፍል ሆኖ ምንም አይታወቅም። ደንቡ በየቀኑ ሞገድ ሳይለቅ መሣሪያው ራሱን እንዲፈትሽ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ለባሕር ጠረፍ ጣቢያ የሙከራ ጥሪ እንዲላክ ያዛል። ለሳምንታዊው ጥሪ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚሰጠው ኮምፒውተር ነው፤ የመርከቧም መዝገብ «ተሳክቷል» ይላል። በዚህ ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት ባይ ነኝ፤ 75ኛውን ኬክሮስ የምታልፍ መርከብ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተቀጠረ ሰዓት፣ በአጭር ሞገድ ከአንድ ስሙ ከተመዘገበ ሰው ጋር በድምፅ ትነጋገር። ክሬንከልና ሽራደር በ1934 ያደረጉት ይህን የመሰለ ነበር፤ ወጪውም የአሥር ደቂቃ ደመወዝ ነው።